አበባማው አንሶላ

ወንድሜ ሰው ሲያማ ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ እንዲያውም ከፍ ያደርጋል፣ ሐሜት ሳይሆን ሥራ እንዲመስልለት። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ እኔ በቆርቆሮው መታጠቢያ ውስጥ ከበርሜሉ እየቀዳሁ ፊቴ ላይ ስደፋ እሱ ማንጎው ሥር ቆሞ በስልክ ያወራል፤ እያንዳንዷ ቃል ትሰማኛለች። «ልጅቷ ናት እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?» ይላል። «ፍላሽ እየሰካች፣ የቸርቿን መዝሙር እየከፈተች ቫይረስ ሞላችው። እኔማ ስንቴ ተናገርኩ! አዎ... አዎ፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ስብሰባው ላይ ይታያል። ኮንትራቷ መታደስ የለበትም ባይ ነኝ። የለም፣ የለም፣ በአፍ ብቻ አይደለም፤ ባለሙያ አይታው በሪፖርት ይቀርባል።» ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ፊቴ ሳሙና ለብሶ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜያለሁ፤ ኮምፒውተሩን ገና በዓይኔ አላየሁትም፤ ሪፖርቴ ግን ማንጎው ሥር ተጽፎ አልቋል። ጉድ ነው መቼስ!

ስሜ ፀዳለ ነው፤ ገበያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ጋሼ ወልደሥላሴ ታላቅ ወንድሜ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ሲሆን ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የምኖረው እሱ ቤት ነው፤ ሁለታችን ብቻ ነን። ቁርስ ላይ ሻይና ዳቦ አቀረብኩ፤ አሥራ አምስት ብር የገባው ዳቦ መዳፍ እንኳ አይሞላም። ስለ ስልኩ እኔ አላነሳሁም፣ እሱም አላነሳም። እኔና ጋሼ ስንበላ የምናወራው ስለ ሙቀት ብቻ ነው። «ሌሊቱን አላስተኛኝም» አለኝ። «እኔንም» አልኩት። መጋቢት ላይ ጋምቤላ ውስጥ ሰው አንሶላ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ እርጥቡን ለብሶ ነው የሚተኛው፤ ሲደርቅ ይነቃል፣ እንደገና ይነክራል። ውሃ የሚይዙ ሁለት ወፍራም አንሶላዎች ነበሩኝ፤ ሰማያዊ አበባ ያለበት ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው። የወሰደችው የኪየር እናት ናት፣ ልብስ የምታጥብልን የኒውላንድ ሰፈር ሴትዮ። አራት ዓመት አጥባልናለች፤ ምን እንደነካት እንጃ። «አልወሰድኩም» አለች፣ እኔ ጮህኩ፣ ሳሙና የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ጋሼ ያን ቀን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ምሳውን እየበላ ነበር።

በባጃጅ የባሮ ወንዝን ድልድይ ተሻግረን መሥሪያ ቤቱ ደረስን። መዝገብ ክፍሉ ጠባብ ነው። ፋይሎቹ እስከ ኮርኒሱ ተቆልለዋል፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን፣ አንድ የቆመ ቬንትሌተር አለ። የጣሪያው ቬንትሌተር ከሞተ ስንት ዘመኑ! ከመስኮቱ በላይ፣ ከሚስማር ሚስማር፣ ምንም ያልተሰቀለበት ገመድ ተወጥሯል። ከመስኮቱ ሥር የጸሐፊዋ የኛሩዋይ ጠረጴዛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከጠረጴዛው አጠገብ መሬት ላይ ቆሟል፣ የጎን ክዳኑ ተነሥቶ፣ ሆዱ ለሰው ሁሉ እየታየ። «ክዳኑን ክፈቱት፣ ይተንፍስ» ብዬ አምና የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ኛሩዋይ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። ማታር ከተማ ተወልዳ እዚህ ያደገች፣ ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ዝቅተኛ ልጅ ናት፤ ጣቷ ግን ሲጽፍ ከፍጥነቱ የተነሣ አይታይም። በየስድስት ወሩ የሚታደስ ኮንትራት ላይ ናት፤ ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምረውም በዚያው ነው። አማርኛን ከሰፈር ስለለመደችው ጋሼን «አንተ» ትለዋለች፤ እሱም ቅር ይለዋል። ያን ዕለት ግን ምንም አላለችውም።

«ፎርማት አድርጊውና እንገላገል» አለኝ ጋሼ መነጽሩን እየወለወለ። እዚህ ከተማ ፎርማት፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ማለት፣ እንደ ፓራሲታሞል ነው፤ ራስ ምታትም ይሁን የእግር ወለምታ እሱኑ ነው የሚያዙልህ። ኮምፒውተሩ ሰሞኑን እየሠራ ድንገት ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ይጠፋል። ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩና ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ጀመርኩ። ሠላሳ አራት ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ደገምኩት፤ ሰባ አንድ ላይ ደርሶ ደስ ሊለኝ ሲል አሁንም ሰማያዊ። ፍላሹን ቀየርኩ፣ ሦስተኛውን ጀመርኩ፤ አሥራ ሁለት ላይ ቀጥ። ጋሼ በየመሀሉ አንገቱን እያሰገገ «ቫይረሱ ነዋ!» ይላል፤ ኛሩዋይ «ቫይረስ» በተባለ ቁጥር እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ ታደርጋለች። እኔ በሙቀቱ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ፣ ቁጥሮቹን በእጄ መዳፍ ላይ በእስክርቢቶ ጻፍኩ፦ ሠላሳ አራት፣ ሰባ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ፍላሹ ወይም ዲስኩ የተበላሸ ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ነበር የሚያቆመው፤ እያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ የሚወድቅ ነገር ብዙውን ጊዜ ራም ነው። ራም የሚባለው ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ከጣት ትንሽ ይበልጣል፣ እግሩ ላይ እንደ ጥርስ የተደረደሩ ወርቃማ ሰንበሮች አሉት። እሱ ከዋሸ የቀረው ሁሉ ይዋሻል።

የራም መፈተሻውን ከፍላሽ አስነሣሁት። ውስጡ ያሉት ሁለት ራሞች እንደተሰኩ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ። «ይኸው ቫይረሱ!» አለ ጋሼ። «ቫይረስ አይደለም ጋሼ፤ ይሄ ፕሮግራም ቫይረስን አያውቀውም» አልኩት። ሁለቱን ነቅዬ ወደ ብርሃን ያዝኳቸው። አንደኛው ንጹሕ ነው። ወደ መስኮቱ በኩል የነበረው ግን ጥርሶቹ አረንጓዴ አውጥተዋል። በባትሪ ወደ ውስጥ ሳይ በብረቱ ግድግዳ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነጭ የውሃ ምልክት አለ፤ ድስት ውስጥ ውሃ ተኖ ሲያልቅ የሚቀረው ዓይነት። ጣሪያው አያፈስም፤ ዝናብ ከጣለም ቆይቷል። «ውሃ ከየት መጣ?» አልኩ፣ ለሁለቱም። ኛሩዋይ ጋሼን አየችው። ጋሼ ሰዓቱን አየና «ለምሳ ልንወጣ ነው» አለ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ በዚህ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮ ዝግ ነው። ጃንጥላውን አንሥቶ ወጣ።

እኔ ንጹሑን ራም ብቻውን ሰክቼ ፈተናውን አስጀመርኩና ቁጭ አልኩ። ከዚህ ሥራ ውስጥ የሚያደክመኝ ይሄ ነው፤ እጅ ሥራ ፈትቶ ዓይን ብቻ ቁጥር ሲቆጥር። ሰማንያ ፐርሰንት ደርሶ መብራት ሄደ። «ኧረ ዛሬስ!» ብዬ ጮህኩ፣ ማን ላይ እንደጮህኩ እንጃ። ኛሩዋይም ምሳ አልወጣችም፤ ከፌስታል ውስጥ ብስኩት አውጥታ ግማሹን ወደ እኔ ገፋችው። መብራቱ እስኪመጣ አረንጓዴ ያወጣውን ራም በላጲስ ማሸት ጀመርኩ፤ አንዳንዱ በዚያ ይድናል። የላጲሱን ፍርፋሪ የምጠርግበት ፈለግኩና «ደረቅ ጨርቅ አለሽ?» አልኳት። ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች፣ እጀታውን ያዘች፣ አልከፈተችውም። «የለም» አለች። ሰው «የለም» ሲል እጀታ አይዝም። ተነሥቼ ራሴ ከፈትኩት። ከታች፣ ከባልዲ አጠገብ፣ በአራት የታጠፈ አንሶላ አለ። ሰማያዊ አበባ። ጥጉ ላይ ራሴ በአረንጓዴ ክር የጣፍኩት ቀዳዳ። ባልዲውን ገልብጬ እዚያው ተቀመጥኩበት።

«ጋሼ ነው ያመጣው» አለች ኛሩዋይ ከላዬ ቆማ። «ሙቀት ሲበዛ። ጠዋት ጠዋት እኔ ባልዲ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ገመዱ ላይ እሰቅለዋለሁ። ቬንትሌተሩ ወደሱ ይነፋል፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ይሆናል። ጥሩ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ‹አውርጂው፣ አስቀምጪው› አለኝ።»

«ታዲያ ቫይረስ አመጣች ሲሉሽ ዝም ትያለሽ?»

«ምን ልበል? የነከረው እጄ ነው» አለች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ እያሳየችኝ።

መብራቱ መጣ፤ ቬንትሌተሩ እየተንገራገጨ ተነሣ፤ እኔ ግን ወዲያው ወደ ኮምፒውተሩ መሄድ አቃተኝ። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጋሼ ያን ቀን ወጡን በዳቦ እየጠረገ፣ እኔ «አራት ዓመት አብልቼሽ!» እያልኩ ስጮህ፣ አንሶላው እዚህ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ምናልባት ሲወስደው እንደ ቁም ነገርም አልቆጠረው ይሆናል፤ የገዛ ቤቱ አንሶላ ነው። እኔ መጮህ ከጀመርኩ በኋላ ግን ለመናገር ረፈደበትና ጉርሻውን ቀጠለ። እሱን ልርገም ብዬ አፌን ስከፍት የራሴ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ይመጣል። እሱ ዝም አለ፤ ሌባ ያልኳት ግን እኔ ነኝ።

ሥራ ሥራ ነው፤ ተነሣሁ። ንጹሑ ራም ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተፈተነ፣ አንድም ቀይ የለበትም። አውጥቼ በዚያው ቦታ በላጲስ የታሸውን ሰካሁ፤ ስምንት ደቂቃ ሳይቆይ ቀይ። እንደገና አሸሁት፣ እንደገና ቀይ። ያገለገለ ሌላ ልግዛ ቢባል እዚህ ከተማ ሁለት ሺህ ብር ይሉሃል፣ ያውም ከተገኘ። ስለዚህ የሞተውን በወረቀት ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በአንዱ ብቻ ዊንዶውሱን መጫን ጀመርኩ። ሠላሳ አራትን አለፈ። ሰባ አንድን አለፈ። ኛሩዋይ ከኋላዬ ቆማ ቁጥሩን በራሷ ቋንቋ በሹክሹክታ ትቆጥራለች። መቶ ሲሞላ አላጨበጨበችም፣ አልሳቀችም፤ «አሁን ምን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ።

ጋሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ምሳ ዕቃ ይዞልኛል፤ ሽሮ ራሱ ሠርቶ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ! ክፉ ሰው ቢሆን ቀላል ነበር። ስክሪኑን አይቶ ፊቱ በራ፤ «ጎበዝ! ቫይረሱን ገደልሽው» አለ፤ ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ያኖርኩትን አንሶላ አየ። ምሳ ዕቃውን ቀስ ብሎ አበባው ላይ አስቀመጠው። ኛሩዋይ ልትወጣ ስትል «ቁጭ በዪ» አልኳት።

«ውሃ ነው ጋሼ» አልኩት።

ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሙቀቱን ታውቂያለሽ ፀዲ። የደም ግፊቴን ታውቂያለሽ። ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፤ አሁን ፋይሌ ውስጥ ‹ንብረት አበላሸ› የሚል ይግባ? እሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች።»

«የት?» አልኩት።

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጥቂት አሰበና ፊቱ ተረጋጋ። «እሺ፤ ቫይረስ አትበዪ። እርጥብ አንሶላ ብለሽ ጻፊ፤ ሐሰት ጻፊ አልልሽም። ማን እንደነከረው፣ ማን እንደሰቀለው በስሟ አስቀምጪና ይብቃ። ይሄ እውነት አይደለም?» አለ። እውነት ነው። ዕድሜውን መዝገብ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ከእውነት ውስጥ የትኛውን ቁራጭ ማውጣት እንዳለበት ያውቃል። እንደዚያ ብጽፍ አንዲት ሐሰት ሳይኖርበት ልጅቷ ከሥራዋ ትወጣለች፤ እኔም ማታ ያለ ጭቅጭቅ እራቴን በልቼ እሱ ቤት እተኛለሁ። ሌላ ከጻፍኩ የት እንደምተኛ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ ደግሞም ደክሞኝ ነበር፤ የደከመው ሰው ደግሞ አጭሩን መንገድ ነው የሚያምረው።

ሪፖርት በእጅ ተጽፎ አይቀርብም፤ በኮምፒውተር መጻፍ አለበት፤ የምትጽፈው ደግሞ ኛሩዋይ ናት። ስለዚህ በተጠገነው ኮምፒውተር የተጻፈው የመጀመሪያው ወረቀት ስለ ራሷ የሚያወራው ሆነ። እኔ ቆሜ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ጋሼ መነጽሩን አድርጎ ይሰማል። «ኮምፒውተሩ ተፈትሾ ቫይረስ አልተገኘበትም» አልኩ። ጻፈች። «ከሁለቱ ራም አንዱ በውሃ እርጥበት ዝጎ ከጥቅም ውጪ ሆኗል።» ጻፈች። «ለብልሽቱ ምክንያት የሆነው በመስኮቱ ላይ በየጠዋቱ ሲሰቀል የነበረ እርጥብ አንሶላ ነው።» ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ኛሩዋይ የምትጽፈው ቀስ እያለች ነው፤ ቀጥሎ ስሟ እንደሚመጣ አውቃለች። «አንሶላው ሲነከርና ሲሰቀል የቆየው የክፍሉ ኃላፊ ባዘዙት መሠረት ነው» አልኩ።

የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ። «ባዘዙት ልበል?» አለች።

«በዪ።»

ወደ ጋሼ ዞረች። እሱ ቬንትሌተሩን ያያል። ከልማዱ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ «የተባልሽውን ጻፊ» አላት። ጻፈች። «የኮምፒውተሩ የጎን ክዳን ተከፍቶ እንዲተው የመከረችው ይህን ሪፖርት ያዘጋጀችው ባለሙያ ናት» ብዬ ጨረስኩ። ጋሼ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ፈረመ፤ ማህተሙ ቀለሙ ደርቆ ስለነበር አፉን ከፍቶ ተነፈሰበትና መታው። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ወደ ስብሰባው ወጣ። እኔ የቀዘቀዘውን ሽሮ እስከ መጨረሻው በላሁት።

ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ምንም ሳልሠራ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ኛሩዋይ ደወለች። «ኮንትራቱ ታደሰ። ስድስት ወር» አለች። ቀጥላም፣ «ለጋሼ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ ተባለ። ነገ ጠዋት የምጽፈው እኔ ነኝ። እዚያ ላይ ‹እርስዎ› ነው የሚባለው፣ አይደል?» ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። «አዎ፣ እርስዎ» አልኳት። አንሶላውን በፌስታል ይዤ ሱቁን ዘጋሁና በባጃጅ ወደ ኒውላንድ ሄድኩ።

የኪየር እናት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ትፈቀፍቃለች። አልተነሣችም፣ አላባረረችኝምም፤ በአገጯ በርጩማውን አሳየችኝ፤ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ሳሰናዳው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «ተገኘ» አልኳት፣ ፌስታሉን ከፍቼ አበባውን እያሳየሁ።

«እኔ ጠፋ አላልኩም» አለች።

«ወንድሜ ነው ቢሮ የወሰደው።»

«አውቃለሁ። ጠዋት በፌስታል ሲይዝ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

ቢላዋዋ ቆመች። «እሱ እዚያ ቁጭ ብሎ ነበር። ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ ጮህሽ፣ እሱ በላ። እኔ ሁለታችሁንም አየሁ፣ ሄድኩ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀለለብኝ፣ ግን ሌላ ቃል አልነበረኝም። «እሺ» አለች። ሰኞ ትመጪልኛለሽ ወይ አልኳት። «አልመጣም» አለች፣ ሳትቆጣ። እጇን በጀሪካን ውሃ ታጥባ በደንብ አደረቀችና ፌስታሉን ከጭኔ ላይ አነሣች። አንሶላውን አውጥታ ዘረጋችው፣ የጣፍኩትን ጥግ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «በዚህ ሌባ ተብያለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል» አለች። «እንግዲህ የኔ ነው።» አላንገራገርኩም። ወስዳ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው የአጥር ገመዷ ላይ ሰቀለችውና ወደ ዓሣዋ ተመለሰች።

ጀንበር ልትገባ ስትል ቤት ደረስኩ። ጋሼ ማንጎው ሥር ቆሟል፤ ስልክ አልያዘም። ባልዲውን ሞልቶ የሱን አንሶላ ነክሯል፤ የኔንም አንዷን ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ገመዱ ላይ ሰቅሎልኛል። ሰላም አላለኝም፣ ውጪልኝም አላለኝም። ባዶ እጄን አየ።

«አበባማውስ?» አለኝ።

«ባለቤቷ ወሰደችው» አልኩትና ፊቴን ልታጠብ ወደ በርሜሉ ሄድኩ።